ከገጽ ሁለት ስለሚጀምረው የፊርማ ወረቀት

ለተከበሩ የፕላንና የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤንነትን፣ ለአራተኛ ፎቅ ቢሮዎም በዚያ ሰፊ መስኮት የሚገባው የጠዋት ፀሐይ እንዳይጓደልበት ከልብ እየተመኘሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እኔ ባለፈው ዓመት በከተማ ፕላን ተመርቄ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ለሦስት ወር «የሕዝብ ተሳትፎ አስተባባሪ» ተብዬ በጊዜያዊነት የሠራሁት ልጅ ነኝ። በስም ባያስታውሱኝ እንኳ፣ በየስብሰባው ማንም ሳይጠይቃት እጇን የምታወጣዋ ብል የሚያውቁኝ ይመስለኛል። በእጄ የሰጠሁዎት ሁለት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤት ገብተው እስካሁን ስላልወጡ፣ ሦስተኛውን በአደባባይ መላኬን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ቅሬታዎቼም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፤ ስለ ስብሰባው አመሰግናለሁ። የሰፈራችን ሰው በገዛ ሰፈሩ ጉዳይ ሐሳቡን እንዲሰጥ በሥራ ቀን፣ ጠዋት በአራት ሰዓት መጥራትዎ ሥራ የሌለውን ሁሉ በእኩልነት ያሳተፈ ነበር። ሥራ ያለውን እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ ጎትቼ አመጣሁልዎ። ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን የመሬት ቀያሽ ከሰፈሩ ሱቆች ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ላይ የሚነሳው ሕንፃ ስንት ፎቅ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቁ፤ እርስዎም ገና በጥናት ላይ መሆኑን ሦስት ጊዜ በትዕግሥት አስረዷቸው። ጥናቱ በዚያው ሳምንት አልቆ አሥራ ሁለት ፎቅ መሆኑን ስሰማ በሥራ ቅልጥፍናዎ ተደንቄአለሁ።

ሁለተኛ፤ በስብሰባው የተገኘ ሰው የፈረመበት ወረቀት። እዚህ ላይ ቅሬታዬ ወደ ማን እንደሆነ ለእኔም ግልጽ አይደለም፤ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝና። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ ብዬ አሰማምሬ ባመጣሁልዎ ጊዜ፣ ርእሱን ባዶ እንድተወው፣ ገጹንም ከሁለት እንድጀምር፣ አንደኛው ገጽ መሸፈኛ እንደሚሆን በአባትነት መከሩኝ። እኔም ትልቅ መሥሪያ ቤት የሚሠራው እንዲህ ነው ብዬ ደስ አለኝ። አምስት ዓመት ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ስማር፣ ገጽ አንድ የሌለው ወረቀት ላይ ሰው አታስፈርሚ ያለኝ መምህር አልነበረም። ይህን ለማወቅ መምህር እንደማያስፈልግ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታችን ብዕሩን ሲቀበለኝ፣ እሱ እንኳ መቀስ ከማንሳቱ በፊት ደንበኛውን ምን ዓይነት ልቁረጥህ ብሎ እንደሚጠይቅ፣ የእኛ መሥሪያ ቤት ግን መጀመሪያ መላጨት፣ ከዚያ መጠየቅ እንደሚወድ ነገረኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ስቄ አስፈረምኩት።

ቀጥላ የነበረችው አክስቴ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ብዕሩን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ።

«የምፈርመው መምጣቴን ነው አይደል?»

«አዎ እትዬ፣ መምጣትሽን ብቻ ነው።»

ፈረመች። ከኋላዋ ተሰልፈው ሲያመነቱ የነበሩት ሴቶችም የእሷን አይተው ፈረሙ።

ሦስተኛ፤ ገጽ አንድ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፋይሉን ለማደራጀት ስከፍተው፣ ከእኔ ሠንጠረዥ ፊት በስቴፕለር ተያይዞ አገኘሁት። «እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የተመለከተው ነዋሪዎች፣ ሰፈራችን ከዝቅተኛ መኖሪያነት ወደ ከፍተኛ ቅይጥ አገልግሎት እንዲለወጥ በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል» ይላል። አጻጻፉ ያማረ ነው፤ በዚያ አዳራሽ በሙሉ ድምፅ የተሰማው ግን የማይክሮፎኑ ጩኸት ብቻ ነበር። ለዚሁ ውጤት «የላቀ የሕዝብ ተሳትፎ ላስገኘች» የሚል የምስክር ወረቀት ሸልመውኛል። አክስቴ በመስታወት አስገብታ ከስፌት መኪናዋ በላይ ሰቅላዋለች፤ ደንበኛ በገባ ቁጥር ቀና ብላ ታሳያለች። እኔ እዚያ ክፍል ስገባ ወለሉን እያየሁ ነው።

አራተኛ፤ ስለ መስኮቱ። የአክስቴ ክፍል አንድ መስኮት ብቻ አለው፤ እሱም የሚያየው ባዶውን ቦታ ነው። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር የምትሰፋው በዚያ ብርሃን ነው፤ አምፖል ዓይኗን ያስለቅሳታል። ነባሩ ደንብ ከሁለት ፎቅ በላይ ይከለክላል፣ ከጎረቤት ግድግዳም አምስት ሜትር መራቅን ያዝዛል። በአዲሱ ግን አሥራ ሁለት ፎቅ በአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ይቆማል። ሜትር ይዤ ሄጄ ለካሁት፤ እጄን ከመስኮቱ ብዘረጋ የሚቆመው ግድግዳ ላይ ለመድረስ ትንሽ ብቻ ነው የሚቀረኝ።

ያን ቀን ሁሉንም ነገርኳት። ርእስ የሌለው ወረቀት ላይ እንዴት ትፈርሚያለሽ ብዬ ጥፋቴን በእሷ ላይ ላላክክ ስሞክር፣ መርፌዋን ሳታስቀምጥ፣ «ያመጣሽው አንቺ ነሽ፤ ምኑን አነባለሁ?» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ይህን ያህል ባልረዘመ ነበር።

አምስተኛ፤ የተቃውሞ ጊዜው እስከ አርብ ብቻ መሆኑን የሚገልጸውን ማስታወቂያ ሕዝብ በቀላሉ እንዲያየው፣ ቀጠሮ የሌለው ሰው በማያልፍበት ኮሪደር ስለለጠፉልን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ስለዚህ ያንኑ ሰፈር እንደገና ቤት ለቤት ዞርኩት፤ አሁን የያዝኩት ወረቀት ገጽ አንድ አለው። አንዳንዱ በሩን ዘጋብኝ። አንዳንዱ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ እንዳነብለት አድርጎ፣ አንዴ ድገሚልኝ ብሎ፣ አስቤበት ልምጣ አለኝ። ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ደንበኞቹ ፊት አስነበበኝ። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ራሷ አነበበችው፤ «ቅይጥ» ማለት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ መኖሪያና ንግድ በአንድ ሕንፃ ማለት መሆኑን ስነግራት ፈረመች። ቀድሞ ከፈረሙት ሰማንያ ሦስት ሰዎች ስልሳ አንዱ፣ መምጣታችን መስማማታችን አይደለም ብለዋል። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይዤልዎ እመጣለሁ፤ ቀጠሮ የለኝም። የምንለምንዎ ገጽ አንድ ከፋይሉ ወጥቶ፣ ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ስብሰባው ከነፎቁ ቁጥር እንደገና እንዲጠራ፣ እስከዚያም መሠረት እንዳይቆፈር ነው።

የሕዝብን ዝምታ እንደ ስምምነት የማንበብ ተሰጥኦዎን ከልብ እያደነቅሁ፣ ለሰጡኝ የሥራ ልምድ ዕድሜ ልኬን የማልረሳው ባለ ዕዳ መሆኔን በትሕትና አረጋግጣለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የሕዝብ ተሳትፎ አስተባባሪዎ

ድኅረ ጽሑፍ፤ የተቃውሞ ማቅረቢያው ቅጽ ላይ «ነዋሪውን ያሳሳቱ ሠራተኞች ስም» የሚል ሁለት መስመር አለ። በመጀመሪያው ላይ የራሴን ሙሉ ስም ጽፌ ፈርሜአለሁ። ሁለተኛው ክፍት ነው፤ የአያትዎን ስም አጻጻፍ እንዳልሳሳት እስከ ሐሙስ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።