የዙፋን ቤት ከማሳው ስር

ዳባት፣ ታኅሣሥ 12

ሀሚድ ወንድሜ፣

«ሳይቆፈር የምን የቅርስ ጥናት ነው?» ብለህ ስቀህብኝ አልነበር? እንግዲህ ስማ። የደሴ ብርድ ብርድ መስሎን ነበር፤ ዳባትን አላየናትማ! በዚህ ብርድ ቀበቶዬን አውልቄ ሱሪዬን በሲባጎ አስሬ እዞራለሁ፤ ከመሬት በታች ያለውን የሚያነበው መሣሪያችን ብረት ሲጠጋው ይሳሳታልና።

ትናንት እማማ ባንቻየሁ የሚባሉ ገበሬ ማሳቸው ዳር ቆመው እጃቸውን ዘረጉብን። «አንዲት ጉድጓድ አትቆፈርም! ጎረቤቴ ዙፋን ወደ እስራኤል ስትሄድ የወላጆቿን ቤት ፍርስራሽ አደራ ሰጥታኛለች።» እንደማንቆፍር ማልኩላቸው። ሲባጎዬን አዩና፣ «ሱሪውን በገመድ ያሰረ ሰውማ ወርቅ ፈላጊ አይመስልም» ብለው እየሳቁ አሳለፉን።

ገብሱ የታጨደበትን ማሳ ስመላለስበት ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ክብ ክብ የቤት መሠረቶች ወጡ፤ ከእነሱ ወዲያ ደግሞ ማንም የማያስታውሰው፣ የጥንት ሰፈር የሚመስል ረጅም ግንብ። እማማ ግንቡን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። አንዷን ክብ በጣታቸው ነክተው፣ «ይቺ የነዙፋን ናት፤ በሯ በዚህ ነበር» አሉ። እውነትም ክቡ እዚያው ላይ ክፍት ነው።

ከመቀነታቸው ወረቀት ፈተው ስልክ ቁጥር ሰጡኝ። «ይህን ሥዕል ላክላት፣ ልጄ። ባንቻየሁ አላስነካችም በላት።» ላክሁ፤ ዙፋን ወዲያው ደወለች። ሁለቱም አለቀሱ፣ ሳቁ፣ ደግመው አለቀሱ። የለያቸው የስልኬ ባትሪ ማለቅ ነው።

ቦታ ጠበበኝ። ለእናትህና ለእህትህ ለፈይዛ ሰላምታዬን ጠርዙ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ፖስትካርዱን አዙረህ አንብብላቸው።

አነስ