ከልጄ በፊት የአሸዋ ጆንያ ላስቀደሙት ሊቀመንበር

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ለሚኖሩት ጡረተኛ የሊፍት መካኒክ፤

ጋሼ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎ ደረጃውን ለመውጣት፣ ዓይንዎም ጓሮ ውስጥ የሚሠራውን ሁሉ ለማየት እንደ ወትሮው ይበረታ ዘንድ ምኞቴ ነው። እኔ፣ ባለቤቴና የሁለት ዓመት ልጃችን ደህና ነን፤ ደህና በመሆናችን የእርስዎ እጅ እንዳለበት ከዚህ በታች ሳልወድ አስረዳለሁ። ደብዳቤዬን መግቢያው ላይ ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ የለጠፍኩት፣ ውርደቴን ያየ ጎረቤት ሁሉ አቤቱታዬንም ይይልኝ ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ለልጄ በጓሮው ዛፍ ላይ የሰቀልኩትን ዥዋዥዌ ገና ሳትወዛወዝበት ማስቆምዎ ሙያዬን መዳፈር ነው። እንደሚያውቁት እኔ የፋብሪካ ሠራተኞችን ስለ አደጋ መከላከል የማሠለጥን ሰው ነኝ። መመሪያ ሳታነቡ ማሽን እንዳትነኩ እያልኩ በየሳምንቱ ድምፄ ይዘጋል። የዥዋዥዌውን መመሪያ ግን ከነካርቶኑ የጣልኩት፣ ሥዕሉ የተሣለው ለማያውቁ ሰዎች መስሎኝ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለማን እንደሆነ እስከዚያ ቀን ድረስ ጠይቄ አላውቅም። ገጥሜ ስጨርስ የተረፉኝን ሁለት ብሎኖችና አንድ የብረት ቀለበት፣ መለዋወጫ ናቸው ብዬ ባለቤቴን ማሳመኔንም እሷ ለእርስዎ ባትነግርዎ ኖሮ ማንም አያውቅብኝም ነበር።

ሁለተኛ፤ ልጄን አቅፌ አንድ እግሯን በመቀመጫው ካስገባሁ በኋላ መጥተው፣ ሊፍት ላይ ሰው ከመውጣቱ በፊት አሸዋ ይወጣል በማለት እግሯን በትሕትና መልሰው አስወጡ። በምትኩም ክብደቱ የእሷን ሦስት እጥፍ የሚሆን የአሸዋ ጆንያ አስቀምጠው፣ የመቀመጫውን ቀበቶ እንኳ ሳይረሱ አሰሩለት። በየሰገነቱ የወጡት ጎረቤቶች ሲስቁ እኔም፣ ጋሼን ዕድሜ ተጫጭኗቸው ነው ለማለት ያህል ዓይኔን ጠቀስኳቸው። ጆንያው ሄደ፣ ተመለሰ፤ ደግሞም ሄደ፣ ተመለሰ። በአራተኛው ላይ፣ ሰንሰለቱ ለቅርንጫፉ ስላጠረኝ የቀጠልኩበት የልብስ ማስጫ ገመድ ቋጠሮው ተፈታና ጆንያው ሁለት እርምጃ ከማይርቀው ግንብ ጋር ተላትሞ ፈነዳ። ልጄ በጣቷ እያሳየች፣ አሸዋ ወደቀ፣ አሸዋን አመመው አለች። ግንቡን ባየሁ ቁጥር ዛሬም እፈራለሁ፤ እግሯን በዚያ መቀመጫ ያስገባሁት በገዛ እጄ ነበርና። እርስዎን ይቅር የማልልዎት ትክክል በመሆንዎ አይደለም፤ ትክክል ለመሆን ያን ያህል ሕዝብ ማስፈለጉ ነው የከበደኝ።

ሦስተኛ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ አሸዋውን በእፍኝ ከለቀምኩ በኋላ ከቆሻሻ በርሜሉ መመሪያውን አውጥቼ እንደ ተማሪ በእርሳስ እያሰመርኩ አነበብኩት። ዥዋዥዌው ዛሬ ከዛፉ ወርዶ፣ በያጅ በሠራልኝ አራት የብረት እግሮች ላይ ቆሟል። እግሮቹ ተቀብረዋል፤ ከፊትም ከኋላም ግንብ የለም፤ ከሥሩ ወፍራም ሰጋቱራ ተነጥፏል፤ ሰንሰለቱ ያለ ቅጥያ ተንጠልጥሏል፤ መለዋወጫ ያልኳቸው ብሎኖችና ቀለበቷም፣ ለካ መቀመጫውን ከሰንሰለቱ የሚያያይዙት እነሱ ኖረዋል፣ ቦታቸውን አግኝተዋል። የእርስዎን ጆንያ ሰፍቼ፣ አሸዋውን መልሼ፣ መቶ ጊዜ ወዝውዤዋለሁ። እርስዎ ግን እንዳይነካ ብለው ዙሪያውን ያሰሩትን ቀይ ጥብጣብ፣ ኮሚቴው ተሰብስቦ እስኪወስን አይፈታም ብለው ይኸው ሦስት ሳምንት ሞላው። ልጄ በየጠዋቱ ጫማዋን አድርጋ ጥብጣቡ ድረስ ትሄድና፣ የአሸዋ ነው ብላ ትመለሳለች። ለእሷ ዥዋዥዌ ማለት ጆንያ የሚጫወትበት ዕቃ ሆኗል፤ ይህ ደግሞ ያሳዝነኛል።

አራተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ባለቤቴ አንብባ ሰረዘችው።

ስለዚህ ጥብጣቡን ይፍቱልን ዘንድ፣ ፈትተውም የመጀመሪያዋን ግፊት በራስዎ እጅ፣ ቀስ አድርገው እንዲገፏት እለምናለሁ። በጎረቤት ሁሉ ፊት ስላዋረዱኝና ልጄን በሙሉ አካሏ ስላስቀሩልኝ፣ ሁለቱን ለይቼ ማመስገን አቅቶኝ በአንድ ላይ የማመሰግንዎት፤

ሄልሜት አድርጎ ሌላውን የሚያስተምረው፣
የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤትዎ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ፎቅ የሚያወጣው ደረጃ መደገፊያ ብረቱ ከተነቀለ ሁለት ዓመት ሆኖት፣ እሱም የኮሚቴውን ስብሰባ እየጠበቀ ነው። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት እርስዎ ስለሆኑ በየቀኑ የሚደገፉት እርስዎ ነዎት። ለጊዜው በገመድ እሰረው ብለው ያዘዙት እኔን እንደነበር ያስታውሳሉ፤ ገመዱ ያው የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ቋጠሮውም ያው የእኔ ቋጠሮ ነው። ጆንያው እኔ ቤት አለ፤ እስከ ስብሰባው ድረስ፣ ከእርስዎ በፊት እሱ ይደገፍበት።