ከአማካዩ የወጣው ዝናብ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤዬ በደህና ያግኝህ፤ እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀኸኝ ነበር። በስድስት የኮምፒውተር የአየር ንብረት ሞዴሎች የደጋውን፣ የባሕር ዳርቻውንና የእኛን ደረቅ ቆላ የወደፊት ከባድ ዝናብ አሰላሁ። በአምስቱ ቆላው እንደ ወትሮው ነው። ስድስተኛው ግን የዓመቱን ዝናብ በአንድ ቀን ያወርደዋል። አለቃዬ "የኔ እመቤት፣ ይሄኛው አብዷል፤ እሱን ትተሽ አማካዩን ስጪኝ" አለኝ። "ጎርፍ በአማካይ አይመጣም" ስለው ሳቀ። ከዚያ ስድስተኛውን ከነስሜ ሰርዞ ሪፖርቱን አወጣው። እኔም ሙሉውን ውጤት ስሜን ጽፌ ለቆላ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች ላክሁት። ከፈለገ ያባርረኝ።

እማዬ ደህና ናት። ከቤታችን ጀርባ ባለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ሽንኩርት ተክላለች፤ "ውኃ ካየ ሠላሳ ዓመቱ ነው" ትላለች። እኔ ጋ እንድትከርም ብለምናት "ኮምፒውተርሽ ባወራ ቁጥር ቤቴን ልልቀቅ?" አለችኝ። አንተን ግን ትሰማለች። "ልጅሽ ናፍቀሻታል" በላት፤ ስለ ሞዴሉ አታንሳባት። እባክህ ክረምቱ ሳይገባ ደውልላት።

የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው። አልጋዋን አንጥፌያለሁ፤ ለሽንኩርቷም በረንዳው ላይ አፈር የሞላሁባቸው አራት ባልዲዎች አሉ።

ባለህበት ሰላምህ ይብዛ።

ታናሽ እህትህ