እኔ የሌለሁበት ፎቶ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ክኒን በሰዓቱ ይወስዳሉ ወይስ እንደ ልማድዎ ሲብስብዎት ብቻ? የእማማ ደም ግፊትስ ወረደላት? ግሪንዉድ ሙቀቱ በረድ አለላችሁ? ከቤቱ ጀርባ የተከላችሁት ኦቾሎኒ ተነቀለ? እኛ እዚህ ኮት መልበስ ከጀመርን ሁለት ሳምንት ሆነን። ኮሊን ደህና ነው፤ ኦፓልም ሁለት ጥርስ አውልቃ "ስ"ን መጥራት አቅቷታል። በጤና በኩል ምንም አልጎደለብንም። የጎደለው በእኔ በኩል ነው፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎትም ለዚሁ ነው።

በሰኔ ወር ቤቱን እንዴት እንዳገኘነው ጠይቀውኝ፣ "ባለቤቲቱ ሦስታችንንም ገና በር ላይ ስታየን ወደደችን" ብዬ ጽፌልዎት ነበር። ባለፈው ሳምንት አክስቴ ሊዮላ ደውላ፣ ያንን ደብዳቤ እሁድ ዕለት በጉባኤው ፊት ቆመው እንዳነበቡት፣ ሰዉም "አሜን፣ አሜን" እንዳለ፣ እርስዎም መነጽርዎን አውልቀው ዓይንዎን እንደጠረጉ ነገረችኝ። ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አባባ፣ ያ ነገር ውሸት ነበር። በስልክ እንዳልነግርዎት ጆሮዎ አይይዝልዎትም፤ እማማ መሀል ገብታ ጮክ ብላ እንድትደግመው ደግሞ አልፈለግሁም። ስለዚህ እንደ ሆነው አድርጌ ከመጀመሪያው ልጻፍልዎት።

ሆስፒታሉ የላቦራቶሪውን ኃላፊነት ሰጥቶኝ ከጃክሰን ወደ ሚልዋኪ ልንዛወር ስንል፣ ኮሊን የከተማዋን ዙሪያ በሙሉ በወረቀት ላይ ዘርዝሮ ተቀመጠ። ትምህርት ቤቱ፣ መንገዱ፣ ግብሩ፣ ሁሉም በቁጥር። የእኔ መለኪያ ግን ሌላ ነበር። ጃክሰን በኖርንባቸው ዘጠኝ ዓመታት፣ እሱ ነጭ እኔ ጥቁር በመሆናችን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ምግብ ቤት ገብተን፣ ከአንድ ሳህን ተካፍለን በልተን ስናበቃ፣ "ሒሳቡ አንድ ላይ ነው ለየብቻ?" ያልተባልንበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። ኮሊን ሁልጊዜ "አንድ ላይ ነው፣ ልጅ እንኳ አለችን" እያለ አስተናጋጆቹን ያስቃል። እኔ ስቄ አላውቅም። እናም ቤት ፍለጋ የወጣን ጊዜ በየሄድንበት ሰፈር መጀመሪያ ቁጭ ብለን እንብላ አልኩ። በመጀመሪያው ሰፈር ልጅቷ ጠየቀችን። በሁለተኛው ደግሞ ሳትጠይቅ ሁለት የሒሳብ ወረቀት ይዛ መጣች። በሦስተኛው አንዲት ውሻ የምታንሸራሽር ሴት መንገድ ላይ አስቁማኝ "ለማን ነው ቤት የምታዪው?" አለችኝ፤ በፈገግታ ነው ያለችኝ።

አራተኛው ሰፈር፣ ሊንደን ግሮቭ፣ የደረስነው ዓርብ ዕለት ነው። እዚህ ዓርብ ማታ ሰው ሁሉ የተጠበሰ ዓሣ ነው የሚበላው፤ ተሰልፈን ገባን። ጸጉሯ ውስጥ እርሳስ የሰካች፣ ስልሳ የሚሆናት አስተናጋጅ ኦፓልን እያየች "ስሚ አንቺ፣ ጎመኑን ካልጨረስሽ አይስክሬም የለም፤ አባትሽንም እንዳታባብዪው፣ እናትሽን ነው የምሰማው" አለቻት፤ በልተን ስናበቃም አንድ የሒሳብ ወረቀት ጠረጴዛው መሀል አስቀምጣ ሄደች። ያቺን ወረቀት ይዤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስወጣ ኮሊንን "እዚህ ነው" አልኩት።

እንግዲህ ሰፈሩን የመረጥኩት እንዲህ ነው። ተቀብሎኝ ነበር አባባ። ቀጥሎ ያደረግሁትን ሳስብ የሚያመኝ ይኸው ነው።

ቤቱ በቀይ ጡብ የተሠራ፣ ትንሽ፣ ደጁ ላይ ሁለት የፖም ዛፍ ያለው ነው። ባለቤቲቱ አርዲስ የምትባል የሰማንያ አንድ ዓመት ነጭ ባልቴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት አዮዋ ወደሚኖረው ልጇ ልትሄድ ነው። ደላላዋ ሌሎች ሦስት ፈላጊዎች እንዳሉ ነገረችንና "አሮጊቷ ብር አይደለም የምታየው፤ ማን እንደሚገባበት ነው ማወቅ የምትፈልገው። ደብዳቤ ጻፉላት፣ ፎቶም አድርጉበት" አለችን። እዚህ አገር ቤት ሲገዛ እንዲህ ማድረግ የተለመደ ነው። ሌላው ሰው ልጆቹን አሰልፎ፣ ፈገግ ብሎ ፎቶውን ይልካል።

እኔ ግን ወዲያው ትዝ ያለኝ ጃክሰን ልንከራየው የነበረው ቤት ነው። ለኮሊን በስልክ "ክፍት ነው፣ ኑ" ብለውት፣ ከሰዓት በኋላ እኔ ብቻዬን ስደርስ "አሁን ተያዘ" አሉኝ። ሳልጨርስልዎት ያውቁታል፤ እርስዎ ካሳለፉት ሩቡ አይሆንም። አርዲስን በዓይኔ አላየኋትም። ዕድሜዋን ሰማሁ፣ በረንዳዋ ላይ የተሰቀለውን ትልቅ የአሜሪካ ባንዲራ አየሁና በቃ፣ ጥቁር የማትወድ ሰው ናት ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በኮሊን ስም። መጀመሪያ "እንፈልጋለን፣ እንኖራለን" እያልኩ ጽፌ ከዚያ አንድ በአንድ "እፈልጋለሁ፣ እኖራለሁ" አደረግሁት። ፎቶው ኮሊን ከውሻችን ጋር ሐይቅ ዳር የተቀመጠበት ነው። ጥግ ላይ የኦፓል ክንድ ገብቶበት ነበር። በመቀስ ቆረጥኩት። ኮሊን ከኋላዬ ቆሞ እያየ "ቬርኒ፣ ይሄ እኮ ውሸት ነው" አለኝ። "የቱ ጋ? አንድ የውሸት ቃል አሳየኝ" አልኩት። "እናንተ የላችሁበትማ" ሲለኝ "ቤቱ ውስጥ ከኖርን፣ ደብዳቤው ውስጥ ባንኖር ምን ይጎዳናል?" ብዬ መለስኩለት። አፉን ስላስያዝኩት ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ባይስማማም ፈረመ፤ ኮሊን ቁጣዬን አይችልም።

አርዲስ የእኛን መረጠች። ቁልፍ በምንረከብበት ቀን ሦስታችንም ሄድን። በሩን ከፍታ ኮሊንን አቀፈችው፣ ከዚያ እኔን አየች፣ ከዚያ ኦፓልን። ኬክ ጋግራ ነበር። ሁለት ሳህን ነበር ያወጣችው፤ ተመልሳ ሁለት ሌላ አመጣች። ፎቶው ፍሪጇ ላይ ተለጥፏል። እሱን ስታይ ቆየችና "ብቻውን የሆነ ልጅ መስሎኝ እኮ ነው" አለች። "የጎረቤቴም ልጅ ጠይቃኝ ነበር። እሷ እናቷ አጠገቧ አለችላት፣ ይሄ ልጅ ግን ማንም የለው ብዬ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ድምፅዋን ሳታነሳ "ለመሆኑ እኔ ምን የማደርግሽ መስሎሽ ነው ልጄ?" አለችኝ። ለኮሊን የማሞቂያውን አያያዝ አሳየችው፣ የፖሙን ዛፍ መቼ መግረዝ እንዳለብን ነገረችንና ሄደች። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ በዚያው ሳምንት "ገና በር ላይ ስታየን ወደደችን" ብዬ ጻፍኩልዎት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምናልባት ዝም ብዬ እኖር ነበር። በሦስተኛው ቀን የጎን ጎረቤታችን ወይዘሮ ማርሴላ የስኳር ድንች ኬክ በትሪ ይዛ በሩን አንኳኳች። ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ እንደኛው ጥቁር ናት፣ ወላጆቿም እንደኛው ከሚሲሲፒ የመጡ ናቸው። እኔን ስታይ ትሪው ከእጇ ሊወድቅ ነበር። "ምን ጉድ ነው! ነጭ ላጤ ከነውሻው ይገባል ብለውን አልነበር እንዴ? እግዜር ይመስገን፣ ሰው መጣልኝ" አለችና ሳመችኝ። ከዚያ ገብታ ተቀምጣ አጫወተችኝ። አርዲስ ሠላሳ አንድ ዓመት ጎረቤቷ ነበረች። ማርሴላ የመጨረሻ ልጇን ጃኔልን ስትወልድ ሆስፒታል ያደረሰቻት አርዲስ ናት። አሁን ጃኔል አግብታ፣ ወልዳ፣ ለእናቷ ቅርብ ልሁን ብላ ይህንኑ ቤት ጠየቀች። እሷም ደብዳቤ ጻፈች፤ ባሏንና ሕፃኗን ይዛ የተነሳችውን ፎቶ አያይዛ። "እሷ ግን የማታውቀውን ነጭ መረጠች" አለች ማርሴላ። "ሠላሳ አንድ ዓመት ምኗ እንደነበርን ያን ቀን ገባኝ። ልትሰናበተኝ ስታንኳኳ መጋረጃውን ሳብኩት።" ትሪው ጭኔ ላይ ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከሰኔ እስከ መስከረም መጨረሻ ምንም አላልኩም። ገበታዋ ላይ በላሁ። ኦፓልን ጉልበቷ መሀል አስቀምጣ ጸጉሯን ስትሠራላት አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። ኮሊን ሣር ሲያጭድ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ "ይሄ ባልሽ ሣሩን ያጭደዋል ወይስ ያበጥረዋል?" ስትለኝ አብሬያት ሳቅሁ። ጃኔል እሁድ እሁድ ሕፃኑን ይዛ አርባ ደቂቃ ነድታ ስትመጣ መስኮቱ አጠገብ ላለመቆም እጠነቀቅ ነበር። ኮሊን "ንገሪያት፣ ወይ እኔ ልንገራት" እያለ ለመነኝ። ዛሬ ነገ ስል፣ የአክስቴ ሊዮላ ስልክ ደረሰ።

በማግስቱ ሄድኩ። ወይዘሮ ማርሴላ ባቄላ ስትለቅም አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት፤ መቀሱንም አልደበቅሁም። አርዲስ ስለ ኮሊን ብቸኝነት ያለችኝንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ባቄላውን መልቀም ሳታቆም "ታዲያ አሁን በምን ልወቅ?" አለችኝ። "ብቻውን ስለሆነ ነው የመረጠችው ወይስ ነጭ ስለሆነ? አንቺ ያለሽበትን ፎቶ ልከሽ ቢሆን ኖሮ አውቀው ነበር። ልጄን ትታ አንቺን ብትመርጥ እንኳ አውቀው ነበር። የሠላሳ አንድ ዓመት ጓደኛዬ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች አሁን በምን ልወቅ?"

አባባ፣ ራሴንና ልጄን ብቻ የደበቅሁ መስሎኝ ነበር። የሁለት አሮጊቶችን ወዳጅነት ነው ያፈረስኩት፤ ያውም እውነቱ እንዳይጣራ አድርጌ።

ማርሴላ እጇን ጠርጋ "ደውዪላት። የምትነግሪያት አንቺ ነሽ" አለችኝ። እዚያው ደወልኩ። አርዲስ ጨርሳ ሰማችኝ። ከዚያ ከአዮዋ ቀስ ባለ ድምፅ "እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ" አለች። "ብቻውን ስለሆነ ነው እላለሁ። እንዲያ እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ። ግን ማርሴላ ፊቷን ካዞረችብኝ ወዲህ እርግጠኛ አይደለሁም።" ማርሴላ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና "የዓይንሽን ቀዶ ሕክምና አደረግሽ ወይስ አሁንም ትፈሪዋለሽ?" አለቻት። እኔ ወጣሁ። ሁለቱ ከዚያ በኋላ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ መጠየቅም አይገባኝም።

እርስዎንም ሳያውቁ በጉባኤው ፊት የውሸት ምስክር አድርጌዎታለሁ። ይህን ደብዳቤ እንደ ፊተኛው ቆመው ያንብቡት አልልዎትም፤ ማንበቡንም መተዉንም ለእርስዎ እተዋለሁ። ግን ስለ ቤታችን የሚጠይቅዎት ሰው ካለ "ልጄ ራሷን ደብቃ ነው የገባችበት" ይበሉልኝ። እርስዎን ከማሳፈሬ በላይ የምፈራው ነገር የለም።

ትናንትና እሁድ ጃኔል መጣች። በሩን ስከፍት ሕፃኑን ታቅፋ ነበር፤ ሰላምታዬን አልመለሰችም። "ውስጡን ልየው?" አለችኝ። አስገባኋት። ሳሎኑን አላየችም፣ ወጥ ቤቱንም አላየችም፤ ቤቱን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። በቀጥታ ወደ ላይ ወጥታ ትንሿ ክፍል ውስጥ መስኮቱ ሥር ቆመች። "የሱን አልጋ እዚህ ጋ ነበር ያሰብኩት" አለች። ቦታው ላይ የኦፓል አልጋ ነበር። "ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት። አየችኝና "ገና ነው" ብላ ሕፃኑን በሌላኛው ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወረደች።

እማማን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ ደብዳቤውን ራስዎ ያንብቡላት፣ ከሌላ ሰው አፍ አትስማው። አክስቴ ሊዮላን አመሰግናታለሁ፤ ስልኳ ባይደርስ ኖሮ እስካሁን ዝም እንዳልኩ ነበርሁ። ወንድሜን ክሊፍተንን፣ ሚስቱንና መንትዮቹን ሰላም ይበሉልኝ። ኮሊን እጅ ነስቷል፤ "ፈርሜበታለሁና ጥፋቱ የእኔም ነው በዪልኝ" ብሏል። ኦፓል አያቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ትጠይቀኛለች። እኔ ግን ደስ ሲልዎት ካልሆነ ይምጡ ለማለት አፍ የለኝም።

ልጅዎ ቬርኒታ

ሊንደን ግሮቭ፣ ዊስኮንሰን
ሰኞ፣ ኦክቶበር 7 ቀን 2019