የባለአልጋዋ መኪና ቁልፍ

ውድ የልመር፣

የባለአልጋዋን የጉዞ መኪናችንን ቁልፍ አትፈልገው፤ እኔ ጋ ነው። የአተር ሾርባ ፍሪጅ ውስጥ አለ፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ አሙቅላቸው።

የልጃችንን የሲትስከን ፓስፖርት ስፈልግ የሐኪሙን ደብዳቤ አገኘሁት። ለስድስት ወር መሪ እንዳትይዝ ይላል። ከተጻፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ካርታ ዘርግተህ "እዚህ እናድራለን፣ እዚህ ልጆቹ ይዋኛሉ" ስትለኝ ከረምክ። ባለፈው ቅዳሜ ኩባያው ከእጅህ ወድቆ ዓይንህ ፈዝዞ ሲቀር "ድካም ነው" አልከኝ። አመንኩህ።

አንተ መሪ ላይ፣ ሁለቱ ልጆቻችን ከኋላ ተኝተው፣ እስከ ፖርቱጋል ድረስ።
የቀረውን አልጽፈውም።

እኔም መንጃ ፈቃዴን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ፣ "ይህችን የምታክል መኪና አልነዳም" እያልኩ ሰባት ዓመት ሁሉን አንተ ላይ ጣልኩ። ምናልባት እኔ ባልፈራ ኖሮ አንተም ባልደበቅከኝ ነበር።

አሁን መኪናዋን ይዤ የሄድኩት ጎረቤታችን ሪንስከ ጋ ነው። አውቶቡስ ስትነዳ ኖራለችና አለማምጂኝ ብላት፣ "አንድ ሁለት አጥር ገጭተሽ ትለምጂዋለሽ፣ አይዞሽ" አለችኝ።

ያስያዝካቸውን የማደሪያ ቦታዎች አንዱንም አትሰርዝ። በቀጠርነው ቀን እንነሳለን፤ የመጀመሪያው አዳራችን ሞዘል ወንዝ ዳር ነው። አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ መንገዱን ታሳየኛለህ። ለልጆቹ መንገር ከከበደህ "እናታችሁ ካልነዳሁ ብላ አስቸገረችኝ" በላቸው።

ለእኔ ግን ስመለስ ራስህ ንገረኝ። ምንም እንደማላውቅ ሆኜ እሰማሃለሁ።

ፈምከ