በደረቅ ጠዋት የመጣ መልስ

ለታናሽ ወንድሜ፣

ጉልበትህ እንዴት ሰነበተ? የላክሁልህን ቅባት ማታ ማታ ታሸዋለህ ወይስ እንደ ልማድህ ትንሽ ሲሻልህ ጥለኸዋል? እኔ ደህና ነኝ። ያ ክፉ ሳልም ለቆኛል።

የዘንድሮውን የወፍ ቆጠራ ጨርሻለሁ። ያንን ጥቁር አናት ወፍ በዓይን መፈለግ ድካም ብቻ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ቅጠል ውስጥ ገብቶ ይሰወራል። ስለዚህ የተቀዳ ዜማውን አሰማለሁ፤ ከዚያ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ካለ፣ ቀናተኛ ነውና «ማነው ቤቴ የገባው?» እንደማለት ይመልሳል።

አምና አልመለሰም። ዘንድሮም ላይኛውን ጫካ ከዳር እስከ ዳር ዞሬ ያገኘሁት ዝምታ ነው። የጫካው ጠባቂ ባየኝ ቁጥር «ቲቸር፣ ዛሬም ስም ሊጠሩ ነው? ከቀረ ወላጅ ይዞ ይምጣ ይበሉታ!» እያለ ይስቃል። እኔም አብሬው እስቃለሁ። ወፉ ከሌለ ጫካው ለጣውላ ፋብሪካው እንደሚሰጥ፣ የጭነት መኪናው መንገድም በአንተ ቤት ላይ እንደሚያልፍ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ባለፈው ሳምንት ከአጥርህ ጀርባ ካለው ቁጥቋጦ መልስ መጣ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ልጅ አፌን በእጄ ያዝኩ። ጠባቂው ኮፍያውን አውልቆ «ይጻፉት እንጂ! ምን ይጠብቃሉ?» አለኝ። አልጻፍኩም። አስተማሪ ክፉ ነው፤ መልሱ ልክ ሲሆን እንኳ ተኮርጆ እንዳይሆን ይጠረጥራል።

በማግስቱ እንደገና አሰማሁ። እንደገና መለሰ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ቅጠሉ ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል። ከመልሱ ዜማ ሥር ግን ዝናብ ጃንጥላ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

ያንን ዝናብ አውቀዋለሁ። ወፉን የቀዳሁ ዕለት ጃንጥላውን የያዝክልኝ አንተ ነበርክ፤ ወደ እኔ አዘንብለኸው ትከሻህ በስብሶ ነበር። ጠብታው ቅጂውን ስላበላሸው ለሥራ አልተጠቀምኩበትም። ለማስታወሻ ይሁንህ ብዬ ለአንተ ብቻ ሰጠሁህ።

ወደ ቁጥቋጦው አልገባሁም። ለጠባቂው «እሱ አይደለም» አልኩትና ተመለስን። መንገድ ላይ «ቲቸር፣ በሕይወትዎ አንዴ ቢሳሳቱ ምን ይሆናል?» አለኝ። እርምጃዬን አፈጠንኩ። ሌሊቱን ግን አሰብኩበት። እዚህ አለ ብዬ ብጽፍ፣ ሌላ ጫካ ውስጥ የተረፈ እንደሆነ የሚፈልገው አይኖርም። እዚህ በደህና ያለ ይመስላቸዋላ።

ሪፖርቱን ትናንት አስገባሁ። «አልተገኘም» ይላል።

ምንም አልጠይቅህም፤ አንተም ምንም አትንገረኝ። ከጓዳው አጠገብ ያለችውን ክፍል ጠርጌልሃለሁ። መስኮቷ የሚያሳየው የጎረቤት ግድግዳ ብቻ ነው፤ ይህን ሳትሰማ እንዳትመጣ ብዬ ነው የምነግርህ። የፋብሪካው ሰዎች ከዝናቡ ወር በፊት ይደርሳሉ አሉ። ሳይደርሱብህ በርህን ከነመቃኑ ንቀልና ይዘኸው ና። በእጅህ የጠረብከውን እነሱ በመጥረቢያ ሲሉት አትይ። የምንገጥምበት ባይኖረንም እዚህ ግድግዳ አስደግፈን እናኖረዋለን።

ፈጣሪ ከብቸኝነት ይሰውርህ። ያስጨከነኝን ለአንተ ያለዝብልህ። በእኔ ላይ የያዝከው ቢኖርም በልብህ አያቆየው።

ታላቅ እህትህ