ሾላ ያልከው ዛፍ

ደብረ ኤልያስ አጠገብ፣ ጥር ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ እንዳላማው፣

ሰላም ሳይኖረን ሰላምታ አላበዛም።

ከጫካ ሆነህ «በሚካኤል ማግስት ጥይቱን ይዘህ ሾላው ሥር ጠብቀኝ» ብለህ ላክህብኝ። ጠበቅሁህ። ጥይቱን በአገልግል ደብቄ፣ ከወንዙ ዳር ካለው ሾላ ሥር እስከ ቀትር አልተነቃነቅሁም። አንተ ግን ከመስኩ ማዶ፣ እኔ ባምባ ከምለው ዛፍ ሥር ነበርህ። እዚያ ባንዳ ደርሶባችሁ ጓደኛህ አስማማው ወደቀ። ተኩሱን ሰምቻለሁ፤ የእናንተ አልመሰለኝም። አሁን «ወንድሜ ለጣልያን ሸጠኝ» ትላለህ አሉ።

የቆላ ልጅ ሚስትህ የብርጓል መጥታ ከደጄ ቆመች።

«አያ አወቀ፣ ስም ብቻ! አንድ ዛፍ ያልለየ ሰው መጽሐፍ አነባለሁ ይላል?»

«እኔ ለይቻለሁ። ያልለየ ባልሽ ነው።»

«እኛ ቆላ ባምባችሁን ሾላ ነው የምንለው!»

«ይኼ ደጋ ነው።»

«እንግዲያ አስማማው የሞተው በደጋ አማርኛ ነዋ!»



ሁለቱን ዛፎች ሄጄ መረመርሁ። የእኔው ግንዱ አመድማ፣ ቅጠሉ ለስላሳ፣ ጠርዙ ጥርስ ያለው ነው። የአንተው ልጡ ቢጫ ሆኖ ይላላጣል፤ ቅጠሉ እጅ ይሞርዳል። ልዩነቱ ግልጽ ነው ብዬ ልጽፍልህ ብዕር አነሣሁ። ነገር ግን ሁለቱም ሲቆርጧቸው ነጭ ወተት ያፈሳሉ፤ ሁለቱም አበባ ሳያሳዩ ከግንዳቸው ያፈራሉ። ብዕሩን አስቀመጥሁ።

ዲማ ገዳም ድረስ ወርጄ የመጽሐፍ መምህሩን አለቃ አካለ ወልድን «ዘኬዎስ ጌታን ሊያይ የወጣበት ሾላ የትኛው ነው?» አልኋቸው። «ዘኬዎስን ጠይቀው» ብለው ሳቁብኝ። አጠገባቸው የነበሩ፣ ኢየሩሳሌም የተሳለሙ መነኩሴ ግን «ልጡ ቢጫ ነው» አሉ። ተቆጥቼ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ በማን እንደተቆጣሁ አላወቅሁም።

አባታችን ያንን የአንተን ዛፍ ምን ይለው ነበር? አንዳንዴ በጆሮዬ «ባምባ» ይላል፤ አንዳንዴ «ሾላ»። የትኛውን እሱ እንዳለው፣ የትኛውን እኔ እንደጨመርሁት መለየት አቃተኝ።

አልሸጥሁህም። ተሳስቻለሁ ብዬም አልጽፍም፤ እጄ አልታዘዘኝም። ጥይቱ አንድ ሳይጎድል እኔው ዘንድ አለ።

ከሁለቱም ዛፍ አንዳንድ ቅጠል በዚህ ወረቀት አጥፌአለሁ። ሾላ የምትለውን መልስልኝ። የትኛው እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከእጅህ ይምጣልኝ። በደረሰኝ ማግስት፣ በማለዳ፣ ጥይቱን ይዤ ቅጠሉን ከመለስህልኝ ዛፍ ሥር ታገኘኛለህ።

ታላቅ ወንድምህ